እትዬ ፍተሻና የጠፋችው ባትሪ

እትዬ ፍተሻን እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው በሰፈሩ የለም። ይህን ስም የሰጧት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሴትዮዋ እንቁላል ስትገዛ አንድ በአንድ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትነቀንቃለች። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሁለቴ ተመልሳ ትገፋዋለች። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ አዲስ ሹራብ ለብሳ ብትመጣ፣ “ያምርብሻል” ከማለቷ በፊት ክንዷን አንስታ ብብቷ ሥር ያለውን ስፌት አየችና “አንዲት ክር ለቃለች” አለቻት። ጎረቤትየዋ እስከ ዛሬ ያን ሹራብ ለብሳ በደጇ አታልፍም።

በሰው መፍረድ ግን ቀላል ነው። እትዬ ፍተሻ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ከመስመሩ መጨረሻ ቆማ የተሰፋውን ስትመረምር ኖራለች። እዚያ ቤት ሁሉም የሚፈራው አንድ ሕግ ነበር። መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው ሁሉ ይለቀማል፣ ወረቀት ላይ ይገጣጠማል፣ በፕላስተር ይለጠፋል። መርፌው ሙሉ መሆኑ እስኪታይ ድረስ ማሽን አይነሳም፣ ሰው ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ በሩም ይዘጋል። አንድ ቀን መስመሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ አለቃው እየጮኸ፣ ሴቶቹ እያጉረመረሙ፣ እሷ ግን ሞቼ እገኛለሁ ብላ የሩዝ ፍሬ የማታህል የመርፌ ጫፍ ከአንድ የሕፃን ቀሚስ አንገትጌ ውስጥ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖቷ ይኸው ሆነ፤ የጠፋ ነገር ካለ በሩን ዝጋ፣ ባለህበት ቁም፣ ሳታገኘው ንቅንቅ አትበል። ለመርፌ የሚሆን መልካም ሃይማኖት ነው።

ጡረታ ስትወጣ ከአንድ ልጇ ቤት ገባች። ልጇ አስተማሪ ናት፤ የልጇ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ቀን ቀን ቤቱ የእትዬ ፍተሻና የልጅ ልጇ የሚጡ ነው። ሚጡ ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፤ መራመዱን ሞክራው ስላልተመቻት ወደ መዳኋ ተመልሳለች። ቤቱ መኪና ከማይጠፋበት መንገድ ዳር ነውና አቧራው መስኮት ተዘግቶም ይገባል። አባትየው ከአንዱ ጉዞው ሲመለስ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ይዞ ከች አለ።

እትዬ ፍተሻ መጀመሪያ ላይ ማሽኗን ዓይንሽ ላፈር አለቻት። “መጥረጊያ እኮ ያወጣውን ያሳይሃል፤ ይቺ ግን ውጣ ዝም ነው” አለችው።

“ሲሞላ ከረጢቱን ከፍተው ያዩታል” አላት ሹፌሩ እየሳቀ። “ደግሞ ልንገርዎት፣ ይቺ ማሽን እንደ ሰው ናት። ጉልበቷ ጠፍቶ መሳብ እምቢ ካለች የሆነ ቦታ ታፍናለች ማለት ነው። አራት ቦታ ይዩ፤ ከረጢቱን፣ ማጣሪያውን፣ አፏን፣ ቱቦዋን። ከአራቱ አንዱ ነው፤ ሌላ ጣጣ የላትም።”

ከረጢት ከፍቶ ቆሻሻ መመርመር የሚባል ነገር መኖሩን ስትሰማ እትዬ ፍተሻ ልቧ ራራ። በሳምንቱ ማሽኗን ሌላ ሰው እንዳይነካት ከለከለች።

እንግዲህ ያን ቀን ልጇ ረፍዶባት እየሮጠች ወጥታለች። ረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ሚጡ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን ትደበድባለች፤ ለሃጯ በአገጯ ይወርዳል። አያትየው አንዴ ጠረገችላትና “ይሄ ጥርስ ገደለሽ እኮ የኔ እናት” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምንጣፉን ጨርሳ የማሽኗን አፍ ከሶፋው ሥር ሰደደችው። የሆነ ነገር በብረቱ ዘንግ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ወጣ። ወዲያው የማሽኗ ድምፅ ተለወጠ፤ ያ የወፈረው ጩኸቷ ቀጥኖ እንደ ትንኝ ሲጢጢ አለ። እትዬ ፍተሻ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ ብትገፋው ፍርፋሪው ካለበት ፍንክች አላለም። መዳፏን የማሽኗ አፍ ላይ ብታደርግ ትንፋሽ የለም።

“ምን ዋጥሽ ደግሞ አንቺ ሆዳም?” አለቻትና አጠፋቻት።

ሶፋውን ጎተት አድርጋ ግድግዳው ጋ ምን እንዳለ አጎንብሳ አየች። የአየር ማራገቢያው ሪሞት በደረቱ ተደፍቶ ወድቋል። አነሳችው፤ ጀርባው ክፍት ነው። ክዳኑ እልፍ ብሎ ተኝቷል። ሳንቲም የምታህለው ባትሪ የምትቀመጥበት ክብ ቦታ ባዶ ነው።

ልቧ ስንጥቅ አለ።

ሚጡን ባለፈው ክትባት ያስከተበችው ራሷ ናት፤ ነርሷ ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች። “እነዚህ ክብ ባትሪዎች ጉሮሮ ላይ ከተቀመጡ ያቃጥላሉ። ሕፃን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቤት ውስጥ አትፈልጉ፤ ይዛችሁ ሩጡ።” እትዬ ፍተሻ ያኔ ራሷን ነቅንቃ “እንዴ፣ ማን ሞኝ አለ!” ብላ ነበር።

ወደ ሚጡ ዞረች። ሚጡ ሳቀችላት። የድስቱን ክዳን ደበደበች፤ ለሃጯ ወረደ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደው እጅ ሰውን ጉድ የሚሠራው። ሯጭ ሴት ብትሆን ትሮጥ ነበር፤ ጯኺ ብትሆን ትጮህና ጎረቤት ይደርስላት ነበር። እትዬ ፍተሻ ግን ሄዳ በሩን ቆለፈችው። ሕፃኗን አልጋዋ ውስጥ አስቀመጠቻት፤ ነጭ አንሶላ አውጥታ ሳሎን መሐል አነጠፈች፤ ማሽኗን አንሶላው ላይ አጋደመቻት። ቀጭ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቼ የለም ወይ፣ አለች በልቧ። ማሽኗ የታፈነችውም በዚያው ቅጽበት ነው። ልጅቷ ውጣ ቢሆን ታስል ነበር፣ ትታነቅ ነበር፤ እንዲህ ትስቃለች? እዚህ ውስጥ ናት። አገኛታለሁ።

ከረጢቱን በመቀስ ቀደደችና ዘረገፈችው። አቧራው ቡን ብሎ ፊቷን ሸፈነው። በጣቷ እየበተነች ፈለገች፤ ፀጉር፣ ፍርፋሪ፣ የእርሳስ ቅርፊት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የደረቀ ቅጠል። እንዳትሳሳት ብላ ያየችውን አንድ ጥግ፣ ያላየችውን ሌላ ጥግ አደረገች። ከአቧራው መሐል ክብ ነገር ብልጭ አለላት። “ተመስገን!” ብላ ጮኸች። አነሳችው። የሸሚዝ ቁልፍ ነው። በዕድሜዋ ስንት ሚሊዮን ቁልፍ በእጇ አልፏል፤ እንደዚያች ግን የጠላችው ቁልፍ የለም። ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው ምናልባት ይኸው ሊሆን እንደሚችል ገባት፤ ገብቷትም እንዳልገባት ሆና ወደ ማጣሪያው አለፈች።

በሩ ተንኳኳ። “እትዬ፣ መሰላልሽን ልዋስ ነበር” አለች ጎረቤትየዋ፣ የሹራቧ ሴት።

“ማንም አይገባም!” ብላ ጮኸች እትዬ ፍተሻ።

“ኧረ በደህና ነው?”

“ማንም አይገባም አልኩ! ማንም አይወጣም!”

“እንግዲህ ለመሰላል ከሆነ ይቅርብኝ” ብላ ጎረቤትየዋ ተኮሳትራ ሄደች። መኪና ያላት ሴት ነበረች እኮ! በሩን ብትከፍትላት ኖሮ በአሥር ደቂቃ ሆስፒታል ነበሩ።

ማጣሪያውን አውጥታ አንሶላው ላይ ደበደበችው፤ ከደቀቀ አቧራ በቀር የወጣ የለም። የማሽኗን አፍ ገለበጠች፤ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በመቀስ እየቆረጠች አወጣች፤ ክር ነው፣ ፀጉር ነው፣ ሌላ የለም። ግንባሯ ላይ የወጣው ላብ ከአቧራው ጋር ጭቃ ሆኖ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቱቦውን ፈትታ አንዱን ጫፍ ወደ መስኮቱ አዞረች፤ በሌላው ጫፍ አየች። ጨለማ ነው። ብርሃን አያሳልፍም!

ደስታዋ ልክ አጣ። “እዚህ ነሽ! እዚህ ነሽ አንቺ እርጉም!” እያለች የመጥረጊያ እንጨት አምጥታ ገፋች። እምቢ አለ። በዚህም በዚያም ገፋች፣ ቱቦውን ወለሉ ላይ አንቀረቀበችው። በመጨረሻ የሆነ ድብልብል ነገር ቱፍ ብሎ አንሶላው ላይ ወደቀ።

የሚጡ ካልሲ ነው። ከሳምንት በፊት ጠፍታ የተፈለገችው ቢጫዋ ካልሲ፣ በአቧራ ተጠቅልላ። እትዬ ፍተሻ ፈታቻት፣ ገለበጠቻት፣ ጣቷን ሰዳ ጫፏ ድረስ ዳበሰች። ምንም የለም። ቱቦውን አንስታ እንደገና ወደ መስኮቱ አየች። ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለል ብሎ ይታያል።

ምናልባት፣ አለች፤ ምናልባት አንድ ስርጓጉጥ ውስጥ ተጣብቃ ይሆናል፤ ማሽኗ ብትነሳ ትንቀጫቀጭ ይሆናል። አዲስ ከረጢት ከተተች፣ ሁሉን ገጣጠመችና አስነሳቻት። ማሽኗ እንደ ድሮዋ አጓራች። የአንሶላውን ጠርዝ ላፍ አድርጋ ወደ አፏ ጎተተችው። ቀጭ የሚል ነገር የለም። ጉልበቷ ሙሉ ነው፣ ትንፋሿ ሙሉ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተበላሸ ማሽን ሲስተካከል ደስ ይላት የነበረች ሴት፣ ያን ቀን የማሽኗ መዳን መርዶ ሆነባት። አራቱም ቦታ ታይቷል። አምስተኛ ቦታ አንድ ብቻ ነው የቀረው።

ማሽኗን አጥፍታ ዞር ስትል ከልጅቷ አልጋ ድምፅ አለመኖሩን ያኔ ገና ልብ አለች። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። ሮጣ ሄደች። ሚጡ ነቅታ ተቀምጣለች፤ አትስቅም። ደረቷ በለሃጭ ርሷል። የምትወደውን ብስኩት ብታቀርብላት በእጇ ገፋችው፤ ምራቋን ልትውጥ ሞከረችና ፊቷን አጨማደደች፤ እንደ ድመት ግልገል ቅስስ ያለ ልቅሶ አለቀሰች። የግድግዳው ሰዓት ለአምስት አሥር ጉዳይ ይላል። ሃምሳ ደቂቃ አልፏል።

“ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ምን አደረግሁ!”

ልጅቷን አንጠልጥላ ባዶ እግሯን ልትወጣ በሩን ብትገፋው ተቆልፏል። ራሷ የቆለፈችውን በር እየደበደበች “ክፈቱልኝ!” አለች። ከዚያ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ መሆኑ ትዝ አላት።

መታጠፊያው ላይ የቆመው ታክሲ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀስ በቀስ! ሰውዬው ይህን ስም ያገኘው ኤሊ ቀድሞት ያልፋል እየተባለ ነው። እትዬ ፍተሻ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መንጃ ፈቃዱን ሳታይ አትገባም ነበር። አሁን ዘላ ገባች።

“ሆስፒታል! ባትሪ ውጣለች!”

“ውይ አምላኬ! ይያዙልኝ፤ አይጨነቁ እትዬ፣ ቀስ ብሎ የሄደ ይደርሳል…”

“እኔ ዛሬ መድረስ አይደለም፣ መቅደም ነው የምፈልገው! ንዳው አንተ ሰው!”

ቀስ በቀስ ነዳ። መብራት ጣሰ፣ እጁን ከጥሩምባው ሳያነሳ በተቃራኒ መስመር ገባ፤ ከፍርሃቱ የተነሳ መንገዱን ሙሉ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለ ነበር። እትዬ ፍተሻ ልጇ ጋ ደውላ “ሚጡ ባትሪ ውጣለች፣ ድንገተኛ ክፍል ነይ” ብቻ ብላ ዘጋች። ከዚያ በላይ ለመናገር አፏ አልታዘዝ አላት። ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ የምትለው ጠፍቷት “አለሁልሽ፣ አለሁልሽ” ትላለች፤ የት እንደነበረች ራሷ እያወቀች።

ሆስፒታል ውስጥ ባትሪ የሚለው ቃል በር ሁሉ ከፈተ። ራጅ ተነሳች። ወጣቷ ሐኪም ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅላ በጣቷ አመለከተች፤ በዚያች ቀጭን አንገት ግርጌ ክብ፣ ድርብ ጠርዝ ያላት ነገር ተቀምጣለች። ያቺ ሁሉ አቧራ ውስጥ የተፈለገችው ነገር፣ ምንም ፍተሻ ሳያስፈልጋት፣ ለዓይን ፍንትው ብላ።

“መቼ ነው የዋጠችው?” አለች ሐኪሟ። “በደንብ ያስቡልኝ እማማ። ሰዓቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።”

በዚህ መሐል በሩ ተበርግዶ ልጇ ገባች። ጠመኔው ገና ከጣቷ አልለቀቀም፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ራጁን አየች፣ እናቷን አየች።

እትዬ ፍተሻ አፏን ከፈተች። “አሁን ነው” ብትል ማን ያውቅባታል? በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ያየ ሰው የለም፤ ሚጡ አትናገር። ልጇ “እማዬ ከዋጠች ወዲያው ሮጠች” ብላ ታቅፋት ነበር። እውነቱን ብትናገር ግን ከእንግዲህ ልጅ ማን ያምናታል? ሕፃኗን ለዘመድ፣ ለሕፃናት መዋያ፣ ለሠራተኛ ይሰጧታል፤ እሷ ባዶ ቤት ከማሽኗ ጋር ትቀራለች። ይህን ሁሉ ያሰበችው ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ባለ ጊዜ ነው። ሰው ሲፈራ ሐሳቡ ይሮጣል።

“ባትሪው እንደጠፋ ያየሁት አራት ሰዓት ላይ ነው” አለች። “መቼ እንደዋጠችው አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ነው። ለሃጯ ያኔም ይወርድ ነበር፤ ጥርስ መስሎኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ… በሩን ቆልፌ፣ ማሽን ውስጥ ስፈልግ፣ ሃምሳ ደቂቃ አጠፋሁ።”

ልጇ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ሐኪሟ ሰዓቷን አየችና ፊቷ ተለወጠ። “ማደንዘዣ ሰጪው ከያዘው ቀዶ ጥገና እስኪወጣ እንጠብቅ ልል ነበር። አንጠብቅም። ሁለተኛውን ከቤቱም ቢሆን ጥሩልኝ፣ አሁን!” አለቻት አጠገቧ የቆመችውን ነርስ። ሕፃኗን ከአያትየው ደረት ላይ ተቀብለዋት ሄዱ።

ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም የፕላስቲክ ወንበር አለ። እትዬ ፍተሻ አንድ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ መጥታ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ መሐላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ሆነ። እናትየው ያን ባዶ ቦታ አየችና ፍርዷን የሰማች መሰላት። ይገባኛል፣ አለች በልቧ፤ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ማን ያስቀምጣል? በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይደነግጣሉ። አንድ ጊዜ አልጋ እየተገፋ ወጣ፤ ሌላ ሰው ነበር።

ሐኪሟ ስትወጣ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ባትሪዋን ይዛለች። አንድ ፊቷ ጠቁሯል። “ወጥታለች” አለች። “ጉሮሮዋ ተልጧል፣ አልተበሳም። ጥቂት ቀን እዚሁ ትቆያለች፤ ከዚያም እየተመላለሰች ትታያለች። ከዚህ ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራችሁ።” ከዚያ ወደ እትዬ ፍተሻ ዞር ብላ “ሰዓቱን በትክክል ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ” ብላ ገባች።

የእትዬ ፍተሻ ልጅ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። “ሃምሳ ደቂቃ” አለች።

“አዎ ልጄ።”

“ሃምሳ ደቂቃ፣ እማዬ።”

“አዎ። ለሚጡ ሌላ ሰው ብትፈልጊ አልቀየምሽም።”

“ተይ እባክሽ!” አለች ልጇ። ፊቷን በጠመኔው እጇ አበሰችውና ነጭ መስመር ጉንጯ ላይ ቀረ። “አዲሱን ባትሪ ዛሬ ጠዋት የከተትኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን የምታስረው ብሎን ከእጄ ወደቀች፤ ረፈደብኝ፤ ስመለስ እፈልጋታለሁ ብዬ ሪሞቱን እንዲያው ሶፋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ክዳኑን ማን ከፍቶ ተወው ብለሽ እስክትጠይቂኝ ነው የምጠብቀው። አንቺ ደግሞ መጠየቅ ታውቂያለሽ። አጠገብሽ ያልተቀመጥኩት ተቀይሜሽ መሰለሽ? ፈርቼ ነው።”

እትዬ ፍተሻ ቀና አለች። “ብሎኗ እንደሌለች ገና ሪሞቱን ሳነሳ አይቻለሁ።”

“አይተሽ ነው? ታዲያ ለሐኪሟ ለምን አልነገርሻትም?”

“እሷ የጠየቀችኝ ሰዓቱን ነው።”

ልጇ ባዶውን ቦታ ተሻግራ መጥታ ትከሻዋ ላይ ወደቀች። እናትየው ፀጉሯን በአቧራ በተለወሰው እጇ ዳበሰቻት።

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ “ሕፃኗ ነቅታለች፤ አንድ ሰው ብቻ ይግባ” አለች። ሁለቱም ብድግ አሉ።

“አንቺ ግቢ፤ እናቷ ነሽ” አለች እትዬ ፍተሻ ወደ ኋላ እያለች። “እኔ እዚሁ እሆናለሁ።”

“አብረን ነው የምንገባው” አለች ልጇ።

“አንድ ሰው ብቻ ነው ያልኩት እኮ” አለች ነርሷ፤ ግን ፊታቸውን አይታ ከበሩ ዞር አለች። ልጅቱ የእናቷን እጅ ይዛ ጎተተቻት። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ገቡ።